በር አሥራ አራት እና የሜሮን የሲቪክስ ቃላት

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2020 ስድሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት ሾርት ኖርዝ በሚባል የከተማችን ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሰሃን አጥብ ነበር። ወረርሽኙ ሲመጣ ምግብ ቤቱ ተዘጋ፤ እኔም ሪከንባከር ኤርፖርት አጠገብ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ አንሎደር ሆኜ ገባሁ። አንሎደር ማለት ከተሳቢ ውስጥ ካርቶን የሚያወርድ ሰው ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።

የመጀመሪያ ቀን ቢጫ ሰደርያ፣ ካርቶን መቅደጃ ቢላ እና ማስክ ሰጡኝ። ሥራውን ያሳየኝ ብሩክ የሚባል ያገሬ ልጅ ነው። ብሩክ ሊድ ነበር፤ ከእኛ በላይ፣ ከሱፐርቫይዘሩ በታች። ከሱፐርቫይዘሩ በላይ ማኔጀሯ አለች። ከእሷ በላይ ያለውን አይቼው አላውቅም።

«ጋሽ ታደሰ፣ በር አሥራ አራት የእርስዎ ነው» አለኝ። «ተሳቢው ተጠግቶ ካልተቆለፈ መብራቱ ቀይ ነው። አረንጓዴ ሳይሆን እንዳይከፍቱ።»

ካርቶን የሚወርደው ከላይ ተጀምሮ ነው። ከታች የጎተተ ሰው ላይ ክምሩ ይወርድበታል። ፓሌት በሚሉት የእንጨት ርብራብ ላይ ሲደረደር ከባዱ ከታች ይሆናል፣ ቀላሉ ከላይ፤ ከዚያ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ፓሌት ጃክ በሚባል የእጅ ጋሪ ይጎተታል። በሙቀት ወራት ተሳቢው ውስጥ ምድጃ ነው። በበረዶ ወራት ደግሞ የወለሉ ብርድ በጫማ አልፎ ይገባል። ብዙም ሳልቆይ ወገቤን ያመኝ ጀመር፤ እስካሁንም አልተወኝም።

ቤታችን ሂልቶፕ የሚባል ሰፈር ነው። ልጄ ሜሮን ሃይስኩል ነበረች። ያን ጊዜ ትምህርቱ በኮምፒውተር ስለነበር የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ክፍሏ ሆነ። ጋቨርመንት የሚባል ትምህርት ነበራት፤ ሲቪክስና ትንሽ ኢኮኖሚክስ ነው። ቃል ከነትርጉሙ እየሸመደደች ነው ፈተና የምትቀመጠው። እኔ ከሥራ ገብቼ ወለል ላይ በጀርባዬ እተኛለሁ፣ ወገቤ ሲዘረጋ ይሻለዋልና። እሷ ከላይ ታነበንባለች።

አንድ ቀን ትርጉሙን እንደ ውዳሴ ስትወርደው ሰምቼ፣ ገብቶሽ ነው ወይ አልኳት። ገብቶኛል አለች። እንግዲያው ባማርኛ ንገሪኝ፣ እኔ ካልገባኝ አንቺም አላወቅሽውም አልኳት። ተናደደች፤ ግን ከዚያ ወዲያ ልማዳችን ሆነ።

እኔ አራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፣ በቀላሉ አይገባኝም። ሰፕላይ ኤንድ ዲማንድ፣ ማለት የዕቃና የፈላጊ ነገር፣ ወዲያው ገባኝ፤ የሽንት ቤት ወረቀት የጫነው ተሳቢ በመጣ ቀን ሱፐርቫይዘሩ እንዴት ሲሮጥ እንደዋለ አይቻለሁ። ኦፖርቹኒቲ ኮስት አስቸገረኝ። አንዱን ስትመርጥ የምትተወው ነገር ነው አለችኝ። የተውኩትን ነገር ምን ስም ያስፈልገዋል፣ ተትቷል አልኳት። ኢንሴንቲቭ ላይ ደግሞ ተጣላን።

«ሰው አንድ ነገር እንዲያደርግ የሚስበው ነገር ነው» አለች።

«ጉቦ ነዋ።»

«ኖ፣ አባዬ። ጉቦ አይደለም።» ትንሽ አሰበች። «ሰምታይምስ።»

በ2021 መጋዘኑ ውስጥ የዩኒየን፣ የሠራተኛ ማኅበር ማለት ነው፣ ወሬ መጣ። ሠራተኛው ድምፅ ሊሰጥ ነው ተባለ፤ የሚበዛው የስ ካለ ዩኒየን ይገባል፣ ኖ ካለ ይቀራል። የስ የሚሉት ሰው ሲታመም የቀኑ ደመወዝ እንዳይቆረጥበት ፈልገው ነው። ኖ የሚሉት ደግሞ ኩባንያው ተናዶ ሥራውን ወደ ሌላ ቦታ ያዞራል ብለው ፈርተው። ሁለቱም የሚሉት አላቸው።

በእኛ በኩል ያለነው አውራጆች አብዛኞቻችን ሐበሾች ነን። በዕድሜ ትልቁ እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ትልቅ ሰው ይቆርጣል፣ ሌላው ይከተላል፤ የለመድነው ይህን ነው። ከበር አሥራ ሦስት ሙስጠፋ የሚባል ጎበዝ ልጅ ሌሎቹን ሰብስቦ መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቀኝ።

«ጋሼ፣ ተነጋግረናል» አለ። «እርስዎ የስ ካሉ ሁላችንም የስ ነን። ኖ ካሉም ኖ። እንዳንበታተን ይቁረጡልን።»

አስቤ እነግራችኋለሁ ብዬ ተለየኋቸው።

ይህ ነገር ብሩክ ጆሮ ገባ። በማግስቱ ፎርክሊፍት ቻርጅ የሚደረግበት ጥግ ወሰደኝና ስለ ወገቤ ጠየቀኝ። ማኔጀሯም ስለ ወገቤ ታስባለች አለ። ጌት ላይ፣ የሚገቡትን ተሳቢዎች የሚቆጣጠር ሰው ሊቀጠር ነው። ሥራው ወንበር አለው፣ ሂተር አለው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልጆቹ እርስዎን ነው የሚሰሙት፣ ኖ እንዲሉ አንድ ቃል ቢጥሉላቸው ብዬ ነው አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም። እሱም የበላይ አለበት።

ወንበር ማለት ለእኔ ያን ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም። ጠዋት ጫማዬን ሜሮን ናት የምታስርልኝ።

ያን ቀን ወለሉ ላይ ተኝቼ፣ ድምፅ ስለመስጠት የተማርሽው ካለ አንብቢልኝ አልኳት። ሲክረት ባሎት የሚል አወጣች። አንተ የመረጥከውን ማንም አያይም ማለት ነው አለች።

«ቦሱስ?»

«አያይም። ቢጠይቅህም አለመናገር ራይትህ ነው።»

«እንደ እኔ ዜግነት የሌለውስ ይመርጣል?»

«ይሄ የሥራ ቦታ ምርጫ ነው፣ አባዬ። ዩ ወርክ ዜር፣ ሶ ዩ ቮት።»

«ሽማግሌ ቢጠይቅስ?»

መጽሐፏን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። «ሽማግሌም።»

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ልጆቹን ሰበሰብኩ። አልቆርጥላችሁም አልኳቸው። እያንዳንዱ ለብቻው ገብቶ ያደርጋል። የምታደርጉትንም አትንገሩኝ፤ ብሩክ ቢጠይቀኝ መዋሸት አልፈልግም።

ሙስጠፋ ምግቡን ገፋ አደረገው። «ታዲያ ትልቅ ሰው ምን ሊሠራልን ነው?»

«ካርቶን ሊያወርድ።»

«ጋሼ ፈረንጅ ሆኑ» አለ ለሌሎቹ። «ወረቀት ሳይሰጧቸው።»

ሳቁ፣ ግን ደስ ብሏቸው አይደለም። ብሩክንም ሄጄ ነገርኩት። የሙስጠፋ ድምፅ የሙስጠፋ ነው፣ የሌለኝን ነገር በወንበር ልለውጥልህ አልችልም አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። በሳምንቱ ጌት ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አየሁ። ያን ጊዜ ኦፖርቹኒቲ ኮስት ገባኝ።

የምርጫው ቀን ብሬክ ሩም ውስጥ ጨርቅ ጋርደው ትንሽ ጠረጴዛ አቆሙ። ከመንግሥት የመጣች ሴትዮ ስሜን ጠይቃ ወረቀት ሰጠችኝ። ማጠራቀሚያው ሳጥን ካርቶን ነው። ከጨርቁ ጀርባ ገብቼ ትንሽ ቆምኩ። በሕይወቴ ማንም ከኋላዬ ሳይቆም ምልክት ያደረግኩት ያን ቀን ነው። አጥፌ ከተትኩ፤ ወጣሁ፤ ተመልሼ የጀመርኩትን ተሳቢ ጨረስኩ።

ማምሻውን ተቆጠረ። በጥቂት ድምፅ ዩኒየኑ ቀረ።

ሙስጠፋ መኪናዬ ጋ ቆሞ ጠበቀኝ። አብረን ብንገባበት ይህ አይሆንም ነበር አለኝ። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ከዚያ፣ «ቢያንስ እርስዎ ምን እንዳደረጉ ይንገሩኝ» አለ።

«አልነግርህም።»

ሳይሰናበተኝ ሄደ። ብሩክም በበኩሉ የስ እንዳልኩ ወስኖ ኖሯል፣ ሲያልፍ ዞር ብሎ አላየኝም። ቤት ስገባ ሜሮን በር ላይ ናት። ምን መረጥክ፣ የስ ነው ኖ አለችኝ። ራስሽ ያስተማርሽኝን አትጠይቂኝ አልኳት። «አይ አም ዩር ዶተር» ብላ አኮረፈች፤ እራት ላይ ሳቀች። እስካሁንም አልነገርኳትም።

በ2022 ወገቤ ጨርሶ እምቢ ሲል ሥራውን ተውኩ። ከዚያ ሥራ የያዝኩት ይህን ነው፦ ሰው ድምፁን ራሱ ይስጥ፤ ለቦስም ለሽማግሌም አሳልፎ አይስጥ። ይህን ማድረግ ወገብ አያድንም፣ ወዳጅም ያስቀይማል።

ከምርጫው በማግስቱ ጠዋት በር አሥራ አራት ላይ ሙሉ ተሳቢ ቆሞ ነበር። መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ጠብቄ ከፈትኩ። ሙስጠፋ ከራሱ በር መጥቶ ሰላም ሳይለኝ ገባና በግራ በኩል ቆመ። እኔ ቀኙን ያዝኩ። ሁለታችንም ከላይ ጀመርን።