«ልክ ነሽ» ያልኩባቸው ጥያቄዎች

ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን ውስጥ በተከራየሁበት ቤት ወጥ ቤቱን የምጋራው ከአንዲት ህንዳዊት ተማሪ ጋር ነበር። እኔ ታች፣ እሷ ላይ እንኖራለን። ገና በገባች በሳምንቱ «ዲዲ» ትለኝ ጀመር፤ በአገሯ ታላቅ እህት ማለት ነው። በዕድሜ ስለምበልጣት አልከፋኝም። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ሽንኩርቴን ሳትጠይቀኝ እንድትወስድ ፈቀድኩላት፤ ጥቂት ቆይቼ ግን ትንሽ ቆጨኝ።

ልጅቷ ለንደን የመጣችው ለማስተርስ ቢሆንም ልቧ ያለው አገሯ ነበር። እዚያ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች የሚመለመሉበት ትልቅ ፈተና አለ። ሁለት ጊዜ ተፈትና ወድቃለች። ፈተናው የዕድሜ ገደብ ስላለው የሚቀራት አንድ ዕድል ብቻ ነው፤ እሱ ካመለጣት በቃ። ሒሳቡንም ታሪኩንም አትፈራም። ሁለቴም የጣላት ወቅታዊ ጉዳዮች የሚባለው ክፍል ነው።

እኔ ከምርጫ ዘጠና ሰባት በኋላ ከአዲስ አበባ የወጣሁ ሰው ነኝ። በዚያን ጊዜ እኛ ቤት ወቅታዊ ጉዳይ ሲነሳ መጀመሪያ በሩ ይዘጋል፣ ቀጥሎ የሬዲዮው ድምፅ ከፍ ይደረጋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወሬው የሚጀመረው። እሷ ግን ወቅታዊ ጉዳይን ነጭ ሽንኩርት እየላጠች በጩኸት ትለማመዳለች። አዲሱ ድልድይ የተመረቀው በየትኛው ወንዝ ላይ ነው? የየትኛው አካባቢ ማንጎ ነው በሕግ የስም ጥበቃ ያገኘው? መንግሥት ሠራተኛውን ስለ ማንጎ ሲጠይቅ ሰምቼ ስለማላውቅ አገሩን ወደድኩት።

ጠያቂዋ እኔ ሆንኩ። ከላይብረሪ ፕሪንት ያደረገችውን ወረቀት ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥልኛለች። ጥያቄው አራት ምርጫ አለው፣ መልሱ በመጨረሻው ገጽ ላይ ነው። እኔ ሻዬን እየጠጣሁ አነባለሁ፣ እሷ ትመልሳለች፣ እኔ ምልክት አደርጋለሁ። ገና በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር አስጠንቅቃኝ ነበር፤ በዚህ ፈተና የተሳሳተ መልስ ዜሮ ብቻ አያሰጥም፣ ካገኘሽው ነጥብ ላይም ይቀንሳል። ስለዚህ ያላወቁትን መዝለል ይሻላል። እሺ አልኳት። መስማቱንስ ሰምቻለሁ።

ችግሩ ፊቷ ነበር። መልስ በሰጠች ቁጥር ቢላዋዋን አስቀምጣ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው አፌን ታያለች። እኔ ደግሞ እንግዳ ቡናው ቀዝቅዞበት እንኳ «ግሩም ነው» ብሎ በሚጨልጥበት ቤት ያደግኩ ነኝ። ሰው ዓይን ውስጥ እያየሁ ተሳስተሻል ማለት ከየት ይምጣልኝ? የመጀመሪያዋን ስህተት «ለጥቂት ነው!» ብዬ አለፍኳት። ሁለተኛዋን «እሱም ያስኬዳል» አልኩ። ከሳምንት በኋላ እሷ ቢ ስትል ወረቀቱ ሲ ቢልም «ልክ ነሽ፣ ጎበዝ!» ብዬ ምልክት ማድረግ ጀመርኩ። ለነገሩ ቢ ከሲ ምን ያህል ይርቃል?

ልጅቷ ፈካች። ጠዋት እየዘፈነች ትወርዳለች። እኔም የሠራሁት መልካም ሥራ መስሎኝ ኮራሁ። ቀስ እያለች ግን ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ መመለስ አመጣች። «ዲዲ፣ ግምቴ እኮ አይስትም፤ ዘንድሮ አንድም ጥያቄ አልዘልም» አለችኝ። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል የሚለው ተረት ትዝ አለኝ፤ ቢሆንም በእንግሊዝኛ አይጣፍጥም ብዬ ተውኩት። እውነቱን ለመናገር የተውኩት ፈርቼ ነው።

ያጋለጡኝ ጋሼ ናቸው። ጋሼ ስቶክዌል የሚኖሩ ጡረተኛ ኤርትራዊ መምህር ናቸው። በአማርኛ ተምረው በአማርኛ ያስተማሩ ስለሆኑ አማርኛቸው የእኔን ያስንቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሃውዚንግ ደብዳቤዎቻቸውን ይዘው በአንድ ባቡር ይመጣሉ። እኔ ፎርማቸውን እሞላለሁ፣ እሳቸው የእጅ ጽሑፌን ይተቻሉ። አንድ ቅዳሜ እኔ ስጠይቅ ልጅቷ ስትመልስ መነጽራቸውን አድርገው ከጎኔ ተቀመጡና ወረቀቱን ማየት ጀመሩ።

«ልጄ» አሉኝ በአማርኛ፣ «እሷ ያለችው ቢ ነው። ወረቀቱ የሚለው ዲ ነው። አንቺ ልክ ነሽ አልሻት።»

«ይተዉት ጋሼ፣ ደክሟት ነው።»

«ፈታኙስ? ደክሟታል ብሎ ያሳልፋታል?»

«እንዲያው ሞራሏ እንዳይነካ ብዬ…»

«የምታርሚላት አንቺ፣ የምትወድቀው እሷ!» ወረቀቱን በጣታቸው መቱት። «እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው። አሁን ንገሪያት።»

ልጅቷ ቃሉ ባይገባትም ፊታችን ገባት። «ምንድን ነው?» አለች። ነገርኳት። ስናገር የማየው የሻዬን ኩባያ ነበር።

«ስንቱን ነው እንደዚህ ያደረግሽው?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኩ። እውነቴን ነው። ለልኩም ለስህተቱም ምልክቴ አንድ ዓይነት ነበር። ወረቀቶቿን በሙሉ ሰብስባ ወደ ላይ ወጣች፤ ዲዲም አላለችኝ።

መጀመሪያ የተናደድኩት በጋሼ ነበር፤ ሰው ቤት መጥቶ እንዲህ ይደረጋል? ማታ ግን የራሴ ሥራ ፊቴ ላይ ተደቀነና አፈርኩ። ደግ መባልን ስለወደድኩ የሰው ልጅ የመጨረሻ ዕድል ይዤ ተጫውቻለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ እኔ ወጥ ቤት ስገባ እሷ ትወጣለች። ሽንኩርቴ አንድም ሳይጎድል ተቀመጠ፤ ያ ደግሞ ከሁሉም ነገር በላይ ከፋኝ።

በአራተኛው ቀን ሁሉንም አርማ ወረደች። ግማሹ እንኳ ልክ አልነበረም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ተቀመጠች።

«ቤት እያለሁ የምትጠይቀኝ እናቴ ነበረች» አለች። «እሷም እንዳንቺ ናት። ስሳሳት ሩዝ ትጨምርልኛለች። ለንደን የማያዝንልኝ ሰው አገኛለሁ ብዬ ነበር።» ቀጥላ ሳቀች። እኔም ሳቄና ልቅሶዬ ተቀላቀለብኝ።

የታረቀችኝ ግን በነጻ አልነበረም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሼን፣ መልስ ልክ ሳይሆን ሲቀር በአማርኛ ምን እንደሚባል ጠየቀቻቸው። በእንግሊዝኛማ ማሳመሪያው ብዙ ነው፣ እኔም ሁሉንም አውቀዋለሁ፤ የፈለገችው ማምለጫ የሌለው ቃል ነው። ጋሼ አላመነቱም፤ «ስህተት» አሉ። ሕጉ ወጣ፦ ስትሳሳት እኔ ትንፋሽ ሳልወስድ «ስህተት!» ማለት አለብኝ።

የመጀመሪያዋ «ስህተት» ከአፌ የወጣችው ይቅርታ እየጠየቀች ነበር። «እንደ ሐዘን መግለጫ አታድርጊው» አሉ ጋሼ። ሁለተኛዋን ደግሞ ከልክ በላይ ጮህኩና የጎረቤት ውሻ መለሰልኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመድኩት። እንዲያውም ጣመኝ መሰለኝ፤ የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አለቃዬ ለሦስተኛ ተከታታይ እሁድ ተረኛ አድርጋ ስትጽፈኝ «ይሄ ስህተት ነው፣ ቼክ አድርጊው» አልኳት። ቼክ አደረገች፣ ይቅርታም ጠየቀች። ሰማይ አልወደቀም። ለስንት ዓመት ዝም ብዬ ስሠራ እንደኖርኩ ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት አማረኝ።

ልጅቷም ተለወጠች። ጥያቄውን እስከ መጨረሻው መስማት ተማረች። ሳታውቅ ስትቀር ሽንኩርቷን እየላጠች በኩራት «አላውቅም፣ ዝለዪው» ትላለች፤ ጋሼም ለዚያ ነበር ጎበዝ የሚሏት። ያም ሆኖ ለፈተናው ወደ አገሯ በሄደችበት ሳምንት እንኳ ስህተቷ ብዙ ነበር። ሻንጣዋን እስከ ባቡር ጣቢያው ጎትቼ ሸኘኋት። እቅፍ አድርጋኝ «አልፋለሁ አይደል?» ስትል እንዳልሰማሁ ሆኜ ሻንጣዋን አቀበልኳት። መዋሸት ትቼ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ቦታው አልነበረም።

ውጤቱ ወሮች ፈጀ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከጋሼ ፎርም ጋር ስታገል ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት። ደኅና ነሽ ወይም ለንደን እንዴት ነው የሚል ነገር የለም።

«ዲዲ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ምርጫ የለውም። ስትሸኚኝ ያን ቀን፣ ታልፋለች ብለሽ አስበሽ ነበር?»

«እንዴታ!» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ጋሼ በመነጽራቸው አናት ላይ እያዩኝ ነው። ወድቃ ከሆነ ይህን ብላት ምን ይሰማታል? ግን ይህችን ልጅ አንዴ አታልያታለሁ።

«አይ» አልኳት። «አላሰብኩም ነበር።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ ላይ አንስቼ አየሁት። ያኔ በአማርኛ፣ ወጥ ቤቱን በሚሞላ ድምፅ ጮኸች፦

«ስህተት!»

ከኋላዋ ቤተሰቧ ሲንጫጫ ይሰማል። እንባዬ የጋሼ ፎርም ላይ ተንጠባጠበ።

«ምን አለችሽ?» አሉ ጋሼ፣ እንዳልሰሙ ሆነው።

«ተሳስተሻል አለችኝ።»

ከወንበራቸው ብድግ አሉና ግንባሬን ሳሙኝ። «እንኳን ተሳሳትሽ፣ ልጄ» አሉ።