ቅርፊት የሌለው ዓሣ

ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሰቆጣ በተጠራ ስብሰባ፣ አንድ ባለሙያ ወንዞች ውስጥ ዓሣ ለመጨመር የታሰበ ዕቅድ አቀረበ። "ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም" አለ። ከኋላ ተቀምጬ ማስታወሻ ያዝኩ። ይህንኑ ቃል በሃያ ሁለት ዓመቴ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼ፣ ሳላጣራ ጽፌው ነበር።

ያኔ ጀማሪ ዘጋቢ ነበርኩ። ወሩ ጥቅምት ነው። ዓሣ በበርሜል ከያዘ ባለሙያ ጋር በጋዝጊብላ በኩል በመኪና ሄደን፣ ከዚያ በርሜሉን በአህያ አስጭነን በገብስ ማሳዎች መሃል አንድ ሰዓት ያህል በእግር ወርደን ከአንዲት ጠባብ ወንዝ ደረስን። ውኃዋ ጠጠሯን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ከታች ፏፏቴ ስላለ ትልቅ ዓሣ ወደዚያ ወጥቶ አያውቅም። የነበሩት ትንንሽ ሸርጣኖችና ድንጋይ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ሽፋን እየፋቁ የሚበሉ ጅራታም የእንቁራሪት ልጆች ናቸው። መንደሩ በበጋ ከእሷ ሌላ የሚጠጣው ውኃ አልነበረውም።

ያረፍነው አያ ብርሃኑ ከሚባሉ የወንዝ ዳር ገበሬ ቤት ነው። ዓሣውን ያመጣው ባለሙያ በቅቤ የራሰ ገንፎ ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በላ። ከዚያ ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ፣ ያበሉትን ሰዎች ስለ አመጋገብ አስተማረ።

በርሜሉ ሲከፈት አያ ብርሃኑ ጎንበስ ብለው አዩ። አምባዛ ነበር።

"ልጄ፣ ይህ እኮ ቅርፊት የለውም።"

"ታዲያ ቀለለልዎት አባቴ! መፋቅ የለ፣ ምን የለ።"

"ቅርፊት የሌለውን እኛ አንበላም። ቄሱን ጠይቅ።"

"ሲርብዎት ይበሉታል።"

"ተርቤ አውቃለሁ፤ ያኔም አልበላሁም። ለመሆኑ እሱስ ምን ይበላል?"

"ያገኘውን ነዋ!"

"እንግዲያው ያለንን ሁሉ ይበላል በለኛ።"

ሰው ሳቀ። ባለሙያውም አብሮ ሳቀ፤ የተሳቀው በእሱ መሆኑን አላወቀም። በርሜሉ ወንዟ ውስጥ ተገለበጠ። እኔም "ወንዟ የምግብ ጎተራ ልትሆን ነው" ብዬ ጻፍኩ። የአያ ብርሃኑን ጥያቄ አስቀረሁት። ቦታ ጠቦኝ አይደለም፤ ዜናዬን ያበላሽብኛል ብዬ ነው።

ማንም ስላልበላው አምባዛው ረባ። መጀመሪያ የእንቁራሪቶቹን ልጆች፣ ቀጥሎ ሸርጣኑን ጨረሰ። የሚፍቀው ያጣ ድንጋይ አረንጓዴ ልጋግ ለበሰ። አምባዛው ምግብ ፍለጋ የወንዟን ወለል ሲያምሰው ውኃው ደፈረሰ። በሁለተኛው በጋ ሸተተ፤ ከብቶቹ አፋቸውን አስጠግተው መመለስ ጀመሩ።

ባለሙያውን ቢሮው ሄጄ ጠየቅሁት። "ዓሣው ምን አደረገ? ሕዝቡ መብላት አያውቅም" አለኝ። ሞኝ ቢሆን ባዘንኩለት። ሞኝ ግን አልነበረም፤ መጠየቅን የናቀ ሰው ነው። የእኔ ይብሳል፤ ሥራዬ መጠየቅ ነበር።

ከስብሰባው በኋላ ሐሙስ ዕለት ወደዚያው ወረድኩ። አያ ብርሃኑ ዐርፈዋል። ልጃቸው አንድ ጀሪካን አዝላ፣ ሌላ በእጇ ይዛ ከቤት ስትወጣ አገኘኋት።

"እርስዎ አይደሉም ያኔ ሲጽፉ የነበሩት?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲህ ይችን ይያዙልኛ" ብላ ሁለተኛውን ጀሪካን ሰጠችኝ።

አሁን ውኃ የምትቀዳው ከማዶ ሸለቆ ምንጭ ነው። አብሬያት ሄጄ ሰዓት ያዝኩ። ደርሶ መልሱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ይፈጃል።