ታች ቀርቼ የቆጠርኩት ፊደል

ከደላንታ የወጣሁ ዕለት፣ ገና ሳይነጋ፣ ወንድሜ እንደ ጤፍ ጆንያ ተሸክሞ መኪና መንገድ ድረስ አወረደኝ። ጢሜን ያሳደግኩ ሰውዬ ነኝ እኮ! እግሮቼ ከልጅነቴ አይታዘዙኝም፤ ትምህርት ቤቱ ዳገት ላይ ስለነበር ፊደል ሳልቆጥር ቀረሁ። እናቴ «እዚያ ማን ይሸከምሃል ልጄ?» እያለች ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ ከእንግዲህ ማንም አይሸከመኝም ብዬ ምዬ ነበር።

ጋምቤላ ነርስ የሆነችው እህቴ ዘነቡ «ሁሉም ሜዳ ነው፣ ና» ያለችኝ እውነቷን ነው። በእጅ የሚነዳ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት አገኘሁ፤ ከሰፈራችን ከኒውላንድ እስከ ገበያ ድረስ ከባጃጅ ጋር እጋፋለሁ። ሙቀቱ ግን አያድርስ ነው! የደላንታ ብርድ እንዲህ ይናፈቃል ብዬ አስቤም አላውቅ። ዓሣውን ለምጃለሁ፤ በጾም እንደምበላው ለንስሐ አባቴ እንዳትነግሩብኝ።

የጎልማሶች ትምህርት ተጀመረ ሲባል በረርኩ። ክፍሉ ፎቅ ላይ! ኃላፊው ደረጃው ሥር ቆሟል።

«ለአካል ጉዳተኛ ቅድሚያ እንሰጣለን፤ ውጣ እንጂ» አለኝ።

«በምን ልውጣ ጌታዬ?»

«ተማሪዎቹ ይሸከሙሃላ!»

«ታች ያለው ክፍልስ?»

«እሱ መጋዘን ነው።»

«ምን አለበት?»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ለአካል ጉዳተኞች የመጣ ዊልቸር።»

ሳቄ አመለጠኝ። በጀርባ ግን አልወጣም አልኩ። መስኮቱ ሥር ብስክሌቴን አቁሜ፣ መምህር ኡጁሉ ከፎቅ «ሀ!» ሲል እኔ ታች «ሀ!» እላለሁ፤ ከክፍሉ ሁሉ የኔ ድምፅ ይጎላል። እስከ ፐ ዘለቅኩ።

አንድ ቀን መምህሩ ወርዶ «ጎበዙ ተማሪዬ አንተ ነህ እንዴ?» ብሎ የመጋዘኑ በር ላይ በጠመኔ አንድ ፊደል ጻፈልኝ። አፈጠጥኩባት።

«የሁሉንም ስም አውቃለሁ፤ መልካቸውን ነው አይቼ የማላውቅ» አልኩት።

ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ዋጠው። መጋዘኑን እንዲከፍቱለት ቢጠይቅ ቁልፍ ያዡ ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ ወደ ክፍሉ ከመውጣቱ በፊት የዕለቱን ፊደል በሩ ላይ ይጽፍልኛል። ሲዘንብ ይታጠባል፤ እንደገና ይጽፋል። ስብሰባው እስካሁን አላለቀም።

ትናንት እዚያው በሩ ፊት ሳለሁ እናቴ ደወለች። ሀሁን አንበለበልኩላት፤ እልልታዋን አቀለጠችው። ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ።

«ክፍልህ ድረስ ማነው የሚሸከምህ?»

«ማንም፣ እማዬ።»

«ተመስገን! ክፍሉስ ሰፊ ነው?»

ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁት።

«በጣም ሰፊ ነው» አልኳት።