ተኝቶ የሚሄድ ልጅ የለም

የሠፈሩ ሰው በሌለችበት «ካውያ» ነው የሚላት። ፊት ለፊት ደፍሮ የጠራት የለም፤ እኔም ብሆን «እትዬ» ነበር የምላት። ስሙ የወጣላት ዕድሜዋን ሙሉ በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ስትተኩስ ስለኖረች ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቶሎ ትግላለች፤ ከጋለች ደግሞ አጠገቧ የቆመ ሁሉ ይለበለባል። እኔ ከሕንፃው ሥር ፀጉር ቤት አለኝ፤ እሷ ከላይ ናት፣ ደረጃው ሲያልቅ በስተግራ። ጎረቤት በምርጫ ቢሆን ኖሮ እሷን አልመርጥም ነበር።

ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅ አልወለዱም። ከሥራ ስትመለስ እኔ ጋ ጎራ ትልና ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ቁጭ ትላለች። ፀጉሯ እንደ ወንድ ያጠረ ነው፣ የሚሠራም የሚደርቅም ነገር የለውም። ካስኩን ሳላበራው ከሥሩ ሆና የደንበኞቼን ወሬ ትሰማለች። «እትዬ፣ ወንበር ይዘሽብኝ እኮ ነው» ስላት «ሰው ሲመጣ እነሣለሁ» ትላለች፤ ሰው ሲመጣ ግን ፍንክች የለም። ያናድደኝ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም።

አንድ ቀን ዕቃ ላግዛት አብሬያት ወጣሁና በሯ ጋ ስንደርስ ከውስጥ ወንድ ሲያወራ ሰማሁ። ክው አልኩ።

«እንግዳ አለሽ እንዴ?»

«ሬዲዮ ነው» አለች ቁልፏን እየፈለገች። «ከፍቼው ነው የምወጣው። ስመለስ የሚያወራ ሰው ይኑር ብዬ። ሳስነጥስ እንኳ ይማርሽ የሚለኝ የለም እኮ፣ አንቺ።»

እንደ ቀልድ ነው ያለችው። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ከዚያ ወዲህ የወንበሩን ነገር አላነሣሁባትም።

ሌላ ቀን ከካስኩ ሥር ሆና «ሕፃናት በአደራ ላሳድግ ነው» አለች። ወላጁ የታመመበትን ወይ ዘመድ የሚፈለግለትን ጨቅላ ተቀብሎ፣ ጊዜው ሲደርስ መልሶ ማስረከብ ነው ነገሩ። ፈቃድ የሚሰጡት ድርጅቶች ናቸው፤ ከአንዱ ጋር ነው የሚሠራው። ምላሴ መቼ ያርፋል፣ «የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ እትዬ» አልኳት።

«ላጌጥበት መሰለሽ? ልይዘው ነው የፈለግኩት» አለችና ወደ መስታወቱ ዞረች።

ሱቅ በምዘጋበት ቀን አብሬያት ሄድኩ። መጀመሪያ የገባንበት ድርጅት ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው፤ ወለሉ ያንሸራትታል፤ ግድግዳው ላይ የሚስቁ ሕፃናት ፎቶ ተደርድሯል። የተቀበለን ሰውዬ ከረባቱን እያስተካከለ «እማማ፣ ይቀመጡ» አላት። በልቤ አለቀልህ አልኩት። እሷ ግን ያን ቀን ጨዋ ነበረች። ሰውዬው አፉ ማር ነው፤ ፈቃዱ ባጭር ጊዜ ይደርሳል፣ አልጋው ከእኛ፣ ወተቱ ከእኛ፣ እርስዎ ክንድዎን ብቻ ያዘጋጁ አለ። እኔ ገና ሳልጠየቅ ፈቅጄ ነበር።

«ልጁ የሚሄድ ቀን ማነው የሚወስደው?» አለችው።

«እሱ አያስጨንቅዎት። የእኛ መኪና ቤትዎ ድረስ ይመጣል። እንዲያውም ልጁ እንቅልፍ ሲወስደው ነው የምናነሣው። ግርግር የለ፣ ለቅሶ የለ፤ ለሁሉም ይቀላል።»

ተነሥታ ወጣች። ደህና ዋል እንኳ አላለችውም። እኔ በሷ ፈንታ ይቅርታ ጠይቄ፣ በዚያ በሚያንሸራትት ወለል ልወድቅ ምንም አልቀረኝም፣ እየሮጥኩ ተከተልኳት። ያገኘኋት መንገዱ ዳር፣ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነው። ልቆጣት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«እኔን ተኝቼ ነው የወሰዱኝ» አለች።

ወላጆቿ በሕፃንነቷ ሞተው አንዲት ሴት ነች የተቀበለቻት። እማዬ ትላት ነበር። ነፍስ ማወቅ ስትጀምር ዘመዶቿ ተገኙና ሊወስዷት መጡ፤ አለቀሰች አላለቀሰች ብለው እንዳይቸገሩ ተኝታ ሳለች ተሸክመዋት ሄዱ። ዓይኗን ስትገልጥ የማታውቀው ጣሪያ ነው ከላይዋ ያለው።

«ክፉ ሰዎች አልነበሩም» አለች። «አሳድገውኛል፣ አስተምረውኛል። ግን እስከ ዛሬ ስነቃ መጀመሪያ የማየው ጣሪያውን ነው፤ የማን ቤት እንደሆነ ሳላጣራ አልነሣም። ያቺ ሴትዮስ? አልቅሳ ይሁን፣ ገላገሉኝ ብላ ይሁን፣ በምን አውቃለሁ። ሳድግ ፈልጌያት ነበር፤ ቤቱም የለም፣ እሷም የለችም።» ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች። «ከእኔ እጅ ተኝቶ የሚሄድ ልጅ የለም። ይሄን የማይቀበል ድርጅት ወርቅ ቢያነጥፍልኝ አልሄድበትም።»

እጄን ትከሻዋ ላይ ላድርግ አላድርግ ስል መንገዱን ተሻግራ ነበር።

ሁለተኛው ድርጅት ከጎማ ሱቅ በላይ ነው፤ ደረጃው ሁሉ ጎማ ጎማ ይሸታል። አንድ ክፍል፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንዲት ጉንፋን የያዛት ወጣት ማኅበራዊ ሠራተኛ። ይቺ ደግሞ ምንም ማር የላትም። ፈቃዱ ይቆያል አለች። ሥልጠና አለ፣ ቤትዎን እናያለን፣ ጎረቤት እንጠይቃለን፣ ልጁም የእርስዎ አይሆንም፤ ይህን ደጋግሜ እነግርዎታለሁ፣ ይለምዱኛል አለች። እኔ እንሂድ ብዬ የካውያን ክንድ ጎሸም አደረግኩ።

«የሚሄድ ቀን ማነው የሚወስደው?»

«ማንም አይወስደውም፤ እርስዎ ነዎት የሚሰጡት፣ በእጅዎ። ከዚያ በፊት ተቀባዩ ቤትዎ እየመጣ ከልጁ ጋር ይላመዳል፣ እርስዎም ጠባዩን ያሳዩታል።»

«እንቅልፍ ወስዶት ቢሆንስ?»

ልጅቷ አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ አሰበች። «እንደሱ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እስኪነቃ እንጠብቃለና፣ ሌላ ምን እናደርጋለን?»

ካውያ ወንበሩን ሳበችና ተደላድላ ተቀመጠች።

እውነትም ቆየ። ባሻንጉሊት ላይ ትንፋሽ መስጠት ተማረች፤ ወተት መበጥበጥ፣ ጡጦ መቀቀል ተማረች። ጡረታዋንም አስቀድማ ወጣች። ቤቷ ሊታይ ሲሆን ያልተኮሰችው ነገር የለም፤ መጋረጃውን፣ ፎጣውን፣ የሽንት ጨርቁን ሳይቀር። ለትንሿ አልጋ በእጇ የጠለፈችው ትራስና ወፍራም ብርድ ልብስ ነበራት። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ገብታ ሁለቱንም ከአልጋው አወጣች፤ ጨቅላ በጀርባው፣ በባዶ ፍራሽ ላይ ነው የሚተኛው፣ ትራስ ያፍነዋል አለች። «ልጅ ነው የማስተኛው ወይስ ሰሃን የማደርቀው?» ብላ ጋለች ካውያ። ሆኖም ትራሱን አነሣችው።

እኔም ተጠየቅኩ። «ትቆጣለች?» አለችኝ ልጅቷ። «ትቆጣለች» አልኩ፣ «ግን ሸሚዝ አቃጥላ አታውቅም።» ሳቀችና «ቢደክማት ማን አላት?» አለች። «እኔ አለኋት» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ደነገጥኩ።

ልጁ መጣ። እናቱ ሆስፒታል ነች፣ ቶሎ የምትወጣም አይደለችም፤ ዘመድ እየተፈለገ ነው። ጭብጥ የምታህል ፊት፣ ግንባሩ የተኮማተረ፣ ግብር የተጨመረበት ነጋዴ የመሰለ። ካውያ አንድ ጊዜ ዓይታው «ጋሼ» አለችው፤ ስሙ በዚያው ጸና። በአንቱታ ነው የምታናግረው። «ጋሼ፣ ተነሡ እንዴ?» «ምን አድርጌዎት ነው እንዲህ የሚቆጡኝ?» በደረጃው በኩል ስትለማመጠው እሰማለሁ። ሬዲዮው ተዘጋ። ሲነቃ ሁሌ አልጋው ላይ ታጎነብሳለች፤ ዓይኑ ጣሪያው ላይ ሳይሆን እሷ ፊት ላይ እንዲያርፍ።

እኔ ጋ መውረድ ቀረች። ከካስኩ ሥር ያለው ወንበር ባዶ ሲሆን ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ሱቄን ስዘጋ ግን ቤቴ መግባቱ ያስጠላኝ ጀመር፤ እኔንም ቤት የሚጠብቀኝ የለም እኮ። ሰበብ እየፈለግኩ እወጣ ነበር፤ «ጋሼ ደህና ዋሉ?» እላለሁ፣ እሷም «ዛሬ ከፍቷቸዋል፣ ጥርስ ነው» ትለኛለች፣ ያስገባችኛልም።

ጋሼ መቀመጥ ሲጀምሩ አያታቸው ተገኙ። የእናቱ እናት ናቸው፣ ከሩቅ ከተማ፣ የልጅ ልጅ መኖሩን እንኳ ያልሰሙ። መጥተው ሰነበቱ፤ ቀን ቀን ካውያ ቤት ይውላሉ። ደግ ሴት ናቸው፤ ክፉ ቢሆኑ ይሻላት ነበር፣ የምትጠላው ታገኝ ነበር። ሁሉንም አሳየቻቸው፤ ጡጦው ምን ያህል ይሞቃል፣ ሲያኮርፍ ወደ መስኮት ያዞሩታል፣ እንቅልፉ ሲመጣ ጆሮውን ይጎትታል። «በአንቱታ ነው የለመደው፣ እማማ። አንተ ካሉት እንዳይቀየምዎት» ስትላቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እሷም ሳቀች። እሳቸው ሲወጡ የታጠቡትን የሕፃን ልብሶች አውጥታ እንደገና ስትተኩስ አየኋት፤ አንዱም አልተጨማደደም ነበር።

የርክክቡ ቀን ከጎማው ሱቅ በላይ ተሰበሰብን። ጋሼ ግን ታክሲው ውስጥ ጆሯቸውን ጎትተው፣ ጎትተው፣ ድርግም ብለዋል። አያትየው እጃቸውን ዘረጉ። ካውያ ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ይንቁ» አለች።

አያትየው መልሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። ከታች ወደ መናኸሪያ የሚያደርሳቸው ሾፌር ጥሩምባውን ነፋ። ትንሽ ቆይቶ ደገመው። «ልጄ፣ አውቶቡሱ እኮ ያመልጠኛል» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። እኔ ተቀምጬ መነሣት፣ ተነሥቼ መቀመጥ ሆነ ሥራዬ። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ጠጋ አለቻት።

«እትዬ፣ አሁን ቢሰጧቸው ለእርስዎም…»

«ለእኔም ይቀላል፣ አይደል?» አለች ካውያ። ድምፅዋ አልጋለም። «እንጠብቃለን ብለሽኛል።»

ልጅቷ ቆማ አየቻት። ከዚያ ደረጃውን ወረደች፤ ከታች ሾፌሩ ሲነታረክ፣ በኋላም መኪናው ሲሄድ ሰማን። ተመልሳ መጥታ «ሌላ አውቶቡስ አለ» አለች። አያትየው ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን አፍታቱ። ከታች ጎማ ሲነፋ ይሰማል።

በመጨረሻ ሕፃኑ ግንባሩን አኮማተረ። ካውያ ቶሎ አጎነበሰች። ዓይኑን ገለጠ፤ እሷን አየና በድዱ ሳቀላት።

«ጋሼ» አለችው። «ይኸው አያትዎ መጥተዋል። ከሳቸው ጋር ነው የሚሄዱት፤ እኔ ጋ አይመለሱም። ጠልቼዎት አይደለም። በጣም ነው የምወድዎት። እያዩኝ ይሂዱ።»

ሰጠቻቸው። ሕፃኑ መጀመሪያ ዝም ብሎ አያቱን አየ፤ ዞሮ እሷን አየ፤ እጁን ወደሷ ዘረጋ። ሳትቀበለው ስትቆም ጊዜ ቤቱን በለቅሶ አናወጠው። አያትየው ግራ ገብቷቸው ሊመልሱላት ሲሉ ራሷን ነቀነቀች፤ እያለቀሰ፣ እያያት፣ ይዘውት በሩን ወጡ።

እሷ የጋሼን ዕቃ ያመጣችበትን ባዶ ቦርሳ ይዛ ቆመች። ለቅሶው ደረጃውን ወርዶ፣ መንገዱ ላይ ሆኖ፣ እስኪጠፋ ሰማችው። በታክሲ ስንመለስ ቦርሳውን ታቅፋ በመስኮቱ ታይ ነበር። ደረጃችን ላይ ስንደርስ ግን እዚያው ቁጭ አለች፤ አለቀሰች። እንዲህ ያለ ለቅሶ ከእሷ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ዛሬ እጄን ትከሻዋ ላይ ለማድረግ ማንንም አላማከርኩም።

«አንቺ» አለችኝ ሲወጣላት፣ ፊቷን በመዳፏ እየጠረገች። «አልቅሳለች ማለት ነው።»

«ማን?»

«እማዬ። ተኝቼ የወሰዱኝ ቀን። እኔ ለዚህ እንዲህ ከሆንኩ፣ እሷም አልቅሳልኛለች።»

አዎ፣ አልቅሳለች አልኳት። ቦርሳውን ከእጇ ተቀበልኩና አብረን ወደ ላይ ወጣን።