በመዳፏ የገባው

ዶክተሯ ወረቀቱን አየችው፤ ከዚያ ሴትዮዋን አየቻት፤ ከዚያ ተመልሳ ወረቀቱን አየች። ሐኪም ሲደነግጥ እንደማየት ያለ ክፉ ነገር የለም። እኛ ብንደነግጥ ወደ እነሱ እንሮጣለን፤ እነሱ ሲደነግጡ ወዴት ይኬዳል?

«እናቴ፣ የወር አበባዎ ከቆመ ስንት ዓመት ይሆናል?»

«ኧረ ቆይቷል። ስድስት ሰባት ዓመት ሳይሆን አይቀርም። አሁን ግን ይኸው ተመልሶ መጣ፤ እኔም ለሱ ነው የመጣሁት።»

«በደምዎ ውስጥ ያለው ኢስትሮጅን፣ የሴትነት ሆርሞኑ፣ የወጣት ሴት ያህል ነው። ምንድን ነው የሚወስዱት?»

«እኔ? ራሴን ሲፈልጠኝ እንኳ ክኒን የማልውጥ ሴት!»

እውነቷን ነው። ሴትዮዋ በመድኃኒት አትታማም። ደንበኞቿ «እጅዬ» ይሏታል፤ እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያስታውስ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ጀርባ፣ የሰው ትከሻ፣ የሰው ወገብ ስታሽ ኖራለች። ሙያውን የተማረችው ደግሞ ትምህርት ቤት ገብታ አይደለም። ልጃገረድ ሳለች እናቷ በካንሰር ምክንያት አንድ ጡቷን ተቆርጣ ከሆስፒታል ስትወጣ፣ በዚያው በኩል ያለው ክንዷ አብጦ ከሹራብ እጅጌ አልገባ አለ። አንዲት ደግ ነርስ ከጣት ጀምሮ ወደ ትከሻ በቀስታ እንዴት እንደሚታሽ ለእጅዬ አሳየቻት። እናት ዓይኗን እስክትከድን ድረስ ያንን ክንድ ስታሽ ከረመች።

እናት ስትሞት የቀሯት ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ እጆቿና ገና የወተት ጥርሷን ያልነቀለች ታናሽ እህቷ። እህቷን አጥባ፣ አልብሳ፣ አስተምራ፣ ለወግ ለማዕረግ አበቃቻት። እሷ ራሷ ሳታገባ ቀረች። ለምን ሲሏት «ማን ፋታ ሰጠኝ!» ብላ ትስቃለች። ታናሽየዋም ውለታ አልበላችም፤ አድጋ የውበት ሳሎን ስትከፍት የጓሮውን ክፍል ለማሳጅ ብላ ለእህቷ ሰጠቻት። ፊት ለፊት ፀጉርና ጥፍር ይሠራል፤ ከመጋረጃው ወዲያ እጅዬ ሰው ትዳስሳለች። ደንበኛው ወረፋ የሚይዘው ግን ለጓሮው ነበር። የእጅዬ እጅ የነካው ቆዳ እንደ ሕፃን ይለሰልሳል ተብሎ ተወርቷል፤ እሷም በዚህ ትንሽ ትኮራ ነበር። ትኩራ እንጂ! በሕይወቷ ሌላ ምን አገኘች?

የቆመው ደም ተመልሶ ሲመጣ፣ ጡቷም ነካ ሲያደርጉት ሲያማት፣ መጀመሪያ የነገረችው ለእህቷ ነበር።

«እትዬ፣ ልጅነትሽ ተመልሶ ነዋ! ባል ልፈልግልሽ?» አለቻትና ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ከሳቁ በኋላ ግን እናቷ ትዝ አለቻት። ለማንም ሳትናገር ወደ ክሊኒኩ የሄደችውም ለዚህ ነው።

ሆዷ በአልትራሳውንድ ታየ፤ ሆርሞን የሚረጭ ዕጢ የለም። ጡቷም ራጅ ተነሣ፤ እብጠት የለም። እጅዬ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ዶክተሯ ግን ፊቷን አልፈታችም።

«ዛሬ የለም ማለት ነገም የለም ማለት አይደለም። ካረጡ በኋላ ይሄ ሆርሞን በደም ውስጥ ከፍ ብሎ ሲቆይ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድል ይጨምራል። ይያዛሉ ማለቴ አይደለም፤ ዕድሉ ግን ይጨምራል። በዚያ ላይ እናትዎ አሉ። ከየት እንደሚገባ አግኝተን ማስቆም አለብን።»

«በአፌ ካልገባ በየት ይገባል ልጄ?»

«በቆዳም ይገባል። ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ማሳጅ።»

ሁለቱም እኩል ወደ እጆቿ አዩ። መዳፎቿ እንደ ልጃገረድ መዳፍ ለስልሰዋል።

«ሲሠሩ ጓንት አያደርጉም?»

«በጓንት ማን ይታሻል? ደንበኛ የሚመጣው እጅ ፈልጎ ነው» አለች። ይህን ብላ ሳትጨርስ ቃሉ የራሷ እንዳልሆነ ታወቃት። የእህቷ ነው። ጓንት ልግዛ ባለች ጊዜ ልክ እንዲህ ብላ ያስተወቻት እህቷ ናት።

«የሚያሹበትን ቅባትስ ማን ነው የሚያዘጋጀው?»

እጅዬ መልሱን ታውቀዋለች፤ ወረቀቷን ከጠረጴዛው አንሥታ ወጣች።

ከክሊኒኩ እስከ ሳሎኑ በእግሯ ሄደች። ታክሲ የሚባል ነገር መኖሩም ትዝ አላላት። እህቷን ያገኘቻት ዕቃ ማስቀመጫዋ ጓዳ ውስጥ ነው፤ ጓንት አጥልቃ፣ ነጫጭ ክኒኖች በጎድጓዳ ሳህን ጨምራ፣ በማንኪያ ጀርባ እየደቆሰች። ከጎኗ ክዳኑ የተከፈተ የክሬም ባልዲ ተቀምጧል። እጅዬ ይህንን ሥራ ስንት ጊዜ አይታዋለች! «ቫይታሚን ነው» ተብላለች፤ አምናለችም። የገዛ እጇ ያሳደገቻትን ልጅ ካላመነች ማንን ልታምን ነው?

«ሆርሞን ነው አይደል?» አለቻት ከበሩ ላይ ሆና።

ማንኪያው ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

እህ! «አይደለም» እንኳ አላለችም። እጅዬ የበሩን መቃን ያዘች።

«ፋርማሲ የምትሠራው ጓደኛዬ ናት ያመጣችልኝ» አለች ታናሽየዋ ቶሎ ቶሎ። «ያረጡ ሴቶች የሚወስዱት ነው። ቆዳ ይመልሳል አለችኝ፤ ደግሞም መለሰ! ይሄ ሁሉ ደንበኛ በምን የመጣ ይመስልሻል?»

እጅዬን በእጇ ነበር የሚመስላት፤ ሞኚቱ። ባዶ ሣጥን ላይ ቁጭ አለችና ወረቀቱ ያለውን፣ ዶክተሯ ያለችውን ሁሉ ነገረቻት። ታናሽየዋ ፊቷ አመድ መሰለ።

«እኔ ልሙት እትዬ፣ አላወቅኩም! ቆዳ አፍ ነው እንዴ? በቆዳ ይገባል ብዬ መች አሰብኩ?»

«ካላሰብሽ ጓንቱ ምንድን ነው?»

ታናሽየዋ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋች።

«ጓንቱ ምንድን ነው አልኩሽ!»

«እኔማ… የወሊድ መከላከያ ልወስድ የሄድኩ ጊዜ ነርሷ ስለ እማዬ ስነግራት፣ ‹አንቺስ ሆርሞን ያለበት ነገር ባትነኪ ይሻልሻል› አለችኝ። ለጥንቃቄ ብዬ ነው።»

እጅዬ እህቷን ትክ ብላ አየቻት፤ የማታውቀውን ሰው እንደሚያዩት።

«እኔስ የማን ልጅ ነኝ?» አለች።

ታናሽየዋ አፏን በጓንቱ ያዘች፤ ምን እንደነካች ትዝ ሲላት ደግሞ አውልቃ ወረወረችውና ማልቀስ ጀመረች። እውነት ሳታስብ ነበር ወይስ አስባ? ይህንን እሷም ራሷ የምታውቀው አይመስልም። ሰው እንጀራዬ ያለውን ነገር ገልጦ ማየት አይወድም።

የፊት ለፊቱ በር ተከፈተ። የአውቶቡስ ሹፌሯ ናት፤ ቀኑን ሙሉ መሪ ስትጨብጥ ውላ ወገቧ አልታዘዝ ሲላት የምትመጣ የጥንት ደንበኛ። «እጅዬ! አለሽ? ዛሬስ ጀርባዬ እንጨት ሆኗል!» እያለች ወደ ማሳጅ ክፍሉ አለፈች።

«እትዬ፣ በእማዬ አፅም!» አለች ታናሽየዋ እያንሾካሾከች፣ እግሯ ላይ ወድቃ። «እንዳትነግሪያት። ዛሬውኑ እደፋዋለሁ፤ ሁለተኛ አይለምደኝም። ከኔና ካንቺ በቀር ማን ያውቃል? ያስሩኛል እኮ!»

ያስሯታል። እጅዬ ይህ አልጠፋትም። በእነዚህ እጆች ያጠበቻት፣ ያበጠረቻት፣ ትኩሳት ሲይዛት ደረቷ ላይ ያስተኛቻት ልጅ ናት። ዝም ብትል ነገሩ ዝም ይላል። ማንም ወረቀት ይዞ አይመጣባቸውም።

ሹፌሯ በሆዷ ተኝታ ጀርባዋን ገልጣ ጠበቀቻት። እጅዬ እንደ ልማዷ እጆቿን ዘረጋች፤ ከቆዳዋ ሳይደርሱ አየር ላይ ቀሩ። ይህንን ጀርባ ስንቴ አሸችው? ምን ያህል አስገባችበት? ለየትኛዋስ ደንበኛ ነው ሄዳ የምታለቅሰው? ድንጋጤው እንደገና ከእግሯ ጀምሮ ወጣባት፤ አሁን ግን ለራሷ አልነበረም።

«ተነሺ፣ ልብስሽን ልበሺ» አለች።

«ምነው፣ አመመሽ እንዴ?»

«ተነሺ እህቴ። የምነግርሽ ነገር አለ።»

ነገረቻት። ሳታሳምር፣ ሳትደብቅ፣ «እህቴ ናት» ብላ ሳትሸፍን። ሐኪም ዘንድ ሄዳ ደሟን እንድትታይ፣ ጡቷንም እንድትመረመር ለመነቻት። ሹፌሯ ትጮኻለች፣ ትሳደባለች፣ ትማታለች ብላ ራሷን አዘጋጅታ ነበር። ሴትዮዋ አልጮኸችም። አንሶላውን ደረቷ ላይ ሰብስባ ይዛ ጠየቀች።

«በዕቃ የምወስደውም ያው ነው?»

«የምን ዕቃ?»

«እህትሽ የምትሸጥልኝ ነዋ። የልጄ ቆዳ እየደረቀ ሲያስቸግረን ይሄ ፍቱን ነው ብላ ሰጠችኝ። ገላዋን ካጠብኳት በኋላ ከአንገቷ እስከ እግሯ እቀባታለሁ።»

«ልጅሽ… ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሰባት።» አለች ሴትዮዋ። «ሰሞኑን ጡት አጎጠጎጠች። ጎረቤቶቼ ‹ልጅሽ ቸኩላለች፣ ገና በሰባት ዓመቷ ልትዳርልሽ ነው› ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።»