የሻለቃው ሦስት መጨረሻ

ሞያሌ ውስጥ ሰው መጽሐፍ የሚያነበው ጭነት እንደሚፈትሽ ነው። ይህን የማውቀው መጽሐፍ ስለማከራይ ነው። ሱቄ በኬንያው በኩል፣ ከባድ መኪኖች ወረቀታቸው እስኪያልቅ ተሰልፈው ከሚቆሙበት መንገድ ዳር ናት። ስልክ ቻርጅ አደርጋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ አሮጌ የአማርኛ ልቦለድ አከራያለሁ። ሾፌር ሦስት ቀን ቆሞ ሲጠብቅ ካርታውም ስልኩም ይሰለቸዋል፤ ያኔ ወደኔ ይመጣል። ሕጌ ሁለት ነው። መጽሐፍ ከሦስት ቀን በላይ ያቆየ ይቀጣል፤ የመለሰ ደግሞ በሩ ላይ በሲባጎ ባንጠለጠልኩት ደብተር አስተያየቱን ሳይጽፍ አይሄድም። መጻፍ የማይችል ይናገራል፣ እኔ እጽፍለታለሁ።

ከሁሉም ብዙ አስተያየት ያገኘው ስለ አንድ ኮማንዶ ሻለቃና ስለ አንዲት ነርስ የተጻፈ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ነበር። ነርሷ ሊገድሏት ከሚፈልጉ ሰዎች ተደብቃለች፤ ሻለቃው ሊጠብቃት ይላካል፤ ሲጠብቃት ይወዳታል፤ ገዳዩ ደግሞ ከራሱ ጓዶች አንዱ ነው። ሽፋኑ ላይ ሻለቃው ጠመንጃውን ይዟል፣ ሸሚዙን ግን ረስቶታል።

ስለሱ የተጻፈውን ሳነብ ብቻዬን እስቅ ነበር። ሻለቃው ጭነት መኪና ቁልቁለት እየነዳ ነርሷን የሚስምበት ቦታ አለ። አንድ የተሳቢ ሾፌር እሱን አንብቦ፣ ይህን የጻፈ ሰው ከነጭነቱ ቁልቁለት ወርዶ አያውቅም፣ ፍሬኑንስ ማን ያዘለት ብሎ ጻፈ። አንድ ጡረታ የወጡ ወታደር ደግሞ ዘብ ላይ ሆኖ ሴት ያቀፈ ሰው በእሳቸው ጊዜ ቢሆን እንደሚታሰር በቀይ እስክሪብቶ አሰፈሩ። ከኦዳ መንደር ከብት እየነዱ መጥተው የሚሸጡ ሽማግሌም ነበሩ። አማርኛ ይናገራሉ እንጂ አያነቡም፤ ታሪኩን ሾፌሩ ተረከላቸውና አስተያየታቸውን በቃል ሰጡኝ፦ «ሁለቱ ድንበር ሲሻገሩ ማን ፈተሻቸው? ወረቀታቸውስ የታለ? ደግሞ ልጅቷን ማን ጠየቃት?» የመጨረሻውን ጥያቄ እየሳቅኩ ጻፍኩት። ስለ ፍቅሩ የጻፈ አንድም ሰው አልነበረም።

መጽሐፉ ጉድለት ነበረበት። የመጨረሻዎቹ አሥራ አራት ገጾች የሉም፤ እኔ እጅ ሳይገባ በፊት አንድ ኦቾሎኒ ሻጭ መጠቅለያ አድርጓቸዋል። ሻለቃው የነርሷን በር ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ ወረቀቱ ያልቃል። ሐቀኛ ሰው ገና ሲያከራይ ይህን ይናገር ነበር። እኔ ግን ለጠየቀኝ ሁሉ ያላነበብኩትን መጨረሻ በቃሌ እነግራለሁ። ሾፌሩ አራት ሴት ልጆች አሉት፤ ለሱ ሻለቃውንና ነርሷን ዳርኩለት። ለጡረተኛው ሻለቃውን ጓዱን ሲያድን ገድዬ ባንዲራ አልብሼ ቀበርኩላቸው። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ እጄን ጨብጠውኝ ሄዱ፤ እኔም በችሎታዬ ኮራሁ።

ችግሩ የመጣው ከበረንዳዬ ነው። በረንዳው ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ትሠራ ነበር። ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ስንሠራ ሁለት ዓመት ሙሉ ወድጃታለሁ፤ ትንፍሽ ግን አላልኩም። እጮኛ ነበራት፣ እሱም ወታደር። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር፣ ቀጥሎ በየወሩ፣ በኋላ ስልኳ ሲጮኽ ደንበኛ ብቻ ሆነ። እሷ ስለሱ አታነሳም፤ እኔም አልጠይቅም። የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱን መጠበቋን እንድትተው።

እዚሁ ኬንያ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛን ከእናቷ አፍ እንጂ ከፊደል አልተማረችም። ስለዚህ መጽሐፉን እሷ እየሰፋች እኔ አነበብኩላት። ሻለቃው እጁን ያነሳበት ገጽ ላይ ስንደርስ መኪናዋን አቆመችና ከዚያስ አለችኝ።

ለሌላው ሰው እሱን ደስ የሚለውን መጨረሻ ሰጥቼ ነበር። ለሷ ግን እኔን ደስ የሚለኝን ሰጠኋት። ሻለቃው ሳያንኳኳ ተመልሶ ሄደ፣ በሌላ ከተማ ሌላ ሴት አገባ አልኳት። ደብዳቤ እንኳ አልላከላትም ወይ ብላ ጠየቀች። አልላከላትም አልኩ። እዚህ ላይ አፌን ብዘጋ ጥሩ ነበር፤ ወሬው ግን ጣመኝ። ከነርሷ ቤት አጠገብ አንድ ባለሱቅ ጨመርኩ፤ ዝምተኛ፣ መጠጥ የማይቀምስ፣ ፂሙን በየቀኑ የሚላጭ። በመጨረሻ ያገባችው እሱን ነው አልኳት።

ቀና ብላ አገጬን አየች። ጠዋት ተላጭቼ ነበር።

«ይሄ ባለሱቅ እስካሁን የት ነበር?» አለችኝ።

ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ዋናውን ሰው የሚያወጣው መጨረሻ ላይ ነው ብዬ አስረዳኋት። መስፋቷን ቀጠለች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚሉት፣ ሳምንት ሳይሞላ ሾፌሩና ጡረተኛው ሻይ ቤት ተገናኙ። አንዱ የዳረውን ሌላው ቀብሮታል። ክርክሩ ከሮ የኦዳውን ሽማግሌ ዳኛ አድርገው ሱቄ ድረስ መጡ።

«ዱጋ ንገረን ልጄ፣ እውነቱን» አሉኝ ሽማግሌው። «ሰውዬው ሞቷል ወይስ ሚስት አግብቷል?»

ከኔ በፊት ከስፌት መኪናው በኩል ድምፅ መጣ። «ሻለቃው ሌላ ሴት ነው ያገባው። ነርሷን ያገባት ባለሱቁ ነው።»

ምን ባለሱቅ አሉ ሁለቱ በአንድ አፍ። ከዚያ ሁሉም ሱቄን አዩ፣ ቀጥለው እኔን አዩ። ሽማግሌው ብቻ ሳቁ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

ወዲያው ፈረዱብኝ። ሾፌሩ በሚቀጥለው ጉዞው ሙሉውን መጽሐፍ ፈልጎ ያምጣ፤ እኔ የጎደለውን በሁሉም ፊት ላንብብ፤ እስከዚያ ማንም ከኔ መጽሐፍ አይከራይ። «ሺዳ የለም» አልኩ፣ ችግር የለም ለማለት። ችግር ግን ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን አዙራ ጀርባዋን ሰጠችኝ፤ ድሮ የነበረችኝ የጠዋት ሰላምታ እንኳ ቀረች። መላጨትም ተውኩ፤ አገጬን ባሰብኩ ቁጥር አፍር ነበር።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ መጽሐፉ መጣ። ሦስቱም በረንዳው ላይ ተቀመጡ፤ እሷም ጀርባዋን እንደሰጠች ትሰማለች። አነበብኩ። ሻለቃው ያንኳኳል። ነርሷ ትከፍታለች። አብረን እንሂድ፣ ምን ትያለሽ ይላታል። እሷ አፏን ሳትከፍት መጽሐፉ ያልቃል።

ሾፌሩ ሲያልቅ አያምር አለ። ጡረተኛው ከዚህስ የኔ ውሸት እንደሚሻል ተናገሩ፤ ቢያንስ ሰውየው በክብር ተቀብሯል። ሽማግሌው ግን ደስ ብሏቸው ተነሡ።

«ማን ጠየቃት ብዬህ አልነበር? ይኸው ጠየቃት። መልሱ የሷ ነው።»

ሲሄዱ ሁለታችን ቀረን። ልብስ ሰፊዋ ከመኪናዋ ላይ ቀና አላለችም።

«ያን ወታደር ከተውኩት አምስት ወር አልፎኛል» አለች። «እኔው ነኝ ደውዬ የተውኩት።»

ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

«ጠይቀኸኛል? ጠይቀኸኝ ቢሆን ገና ሠላሳኛው ገጽ ላይ እነግርህ ነበር።»

አፈርኩ፤ ደስም አለኝ። የሌለ ሰው ለማባረር ስንት ውሸት ደከምኩ። አሁን ብጠይቅሽስ አልኳት። ተነሣች፣ በመቀሷ ሲባጎውን ቆረጠች፣ አስተያየቴን ገና አልጻፍኩም ብላ ደብተሩን ይዛ ሄደች።

ሦስት ቀን አለፈ። አራተኛውም፣ አምስተኛውም። ሰው በአንድ ቀን መዘግየት የምቀጣ ሰውዬ፣ ጠዋት ጠዋት ባዶውን ሲባጎ እያየሁ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። በስምንተኛው ቀን ደብተሩ ቦታው ላይ ተቋጥሮ አገኘሁት። አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የጻፈችው፤ ሁለት መስመር ናት። «ባለሱቁ ፂሙን ይላጭ። ከዚያ ሽማግሌ ይላክ።» ተላጨሁና ወደ ኦዳው ሽማግሌ ሰው ላክሁ።

ዛሬም አዲስ ሾፌር ደብተሩን ሲያገላብጥ እዚያ መስመር ላይ ይቆምና፣ ይሄ ባለሱቅ ስንተኛው ገጽ ላይ ነው ይለኛል። በረንዳው ላይ የሚስቴ የስፌት መኪና ድምፅ ይቆማል። መጽሐፉ ውስጥ የለም፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት እለዋለሁ። መኪናው ይቀጥላል።