አክስቴ በመስኮት የሚያዩት ፊልም

አክስቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሰው ያደክሙ ነበር። የጡት ራጅ ፊልማቸውን ከአዲስ አበባ እኔ ወደምኖርበት ጎረቤት አገር ይዘው መጥተው፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ባለው ቤቴ መስኮት ላይ በብርሃን ያዩት ነበር።

ፓርክላንድስ ሰፈር ወዳለ ሆስፒታል ለምርመራ ስወስዳቸው ባለሙያዋ ፊልም እንደቀረ፣ ምስሉ ኮምፒውተር ላይ እየጎላ እንደሚታይ ነገረቻቸው።

«በእጄ ያልያዝኩትን አላምንም። ለምርመራው ያንቺም ዕድሜ ደርሷል፤ አንቺ ቅደሚ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ቀጠሮው እኮ የእርስዎ ነው።»

«ታዲያ ምን አስፈራሽ?»

እየተነጫነጭኩ ገባሁ። ከእኔ በኋላ እሳቸውም ታዩ፤ ደህና ነበሩ። እኔ ላይ ግን በእጅ የማይዳሰስ ትንሽ እጢ ተገኘና በጊዜ ወጣልኝ፤ አምላክ ይመስገን። እሳቸው «ፊልሙስ?» እያሉ ነዘነዙኝ።

ካረፉ በኋላ የክትትሌ ምስል ንጹህ ሆኖ በስልኬ መጣልኝ። መስኮቱ ጋ ቆሜ ስልኩን ወደ ብርሃን አነሳሁት፤ ፀሐይ ላይ ምንም አይታይም። «አላልኩሽም?» የሚለኝ ግን የለም።